የአሠልጣኙ ስልክና የኮሌጁ ሒሳብ

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሚኒሶታና በሲያትል በሚኖረው ወገናችን ዘንድ «የእገሌ ልጅ ለኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተመለመለ» የሚል ዜና ሲሰማ ደስታው የጋራ ነው። ልጁ የኮሌጁን ማሊያ ለብሶ የተነሣው ፎቶ በቴሌግራም ይዞራል፤ እናትና አባት የእንኳን ደስ አላችሁ ስልክ ሲያነሡ ይውላሉ። «ለመሆኑ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ኮሌጁ ፈልጎ ከወሰደው ራሱ ይከፍልለታል ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ አይከፍልለትም።

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ከ1973 ጀምሮ ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዚዮን ከፍሏል። በኮሌጆች ብዛት ትልቁ ሦስተኛው ነው፤ ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉበት፤ አብዛኞቹም ትንንሽ የግል ኮሌጆች ናቸው። እነዚህ ኮሌጆች ለተማሪ ኳስ ስለሚጫወት ብቻ አንዲት ዶላር መስጠት አይችሉም፤ ደንቡ ይከለክላል። አሠልጣኙ ልጁን ወድዶት፣ ቤት ድረስ ደውሎ፣ ግቢውን አስጎብኝቶት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የመመደብ ሥልጣን ግን የለውም።

ታዲያ ለምን ይመለምላል? ይህን ጥያቄ ወላጆች አይጠይቁም፤ የኮሌጅ አስተዳዳሪዎች ግን መልሱን አይደብቁም። ጄፍሪ ዶኪንግ በሚሺጋን የሚገኘው የአድሪያን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሳሉ ትንንሽ ኮሌጆችን ከመዘጋት የማዳን ዕቅዳቸውን በ2015 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የዕቅዱ እምብርት ስፖርት ነው፤ ቡድን ማብዛት፣ ለየአሠልጣኙም በየዓመቱ የሚያመጣውን የተማሪ ቁጥር መወሰን። እንዲህ ባለ ኮሌጅ አሠልጣኙ የመግቢያ ቢሮው ሠራተኛም ነው። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት አምስት ናቸው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጡትም ሆኑ በሁለተኛው ቡድን የሚመዘገቡት ግን ሁሉም የትምህርት ክፍያና የዶርም ኪራይ ይከፍላሉ። ልጃችሁ የተፈለገው በተኩሱ ይሁን በከፋይነቱ፣ አሠልጣኙ በስልክ አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ደብዳቤው ይመጣል። «በዓመት 25 ሺህ ዶላር የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ተሰጥቶሃል» ይላል፤ ቤቱም እልል ይላል። የመርካቶ ነጋዴ ዋጋ ሰቅሎ «ለአንተ ስል» እያለ ሲቀንስ የሚስቅ ሰው፣ ኮሌጅ ያንኑ ሲያደርግ ግን ያምናል። የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚያደርጉት ቅናሽ በአማካይ ከተለጠፈው የትምህርት ክፍያ ከግማሽ በላይ ነው። ሽልማት የተባለው እንግዲህ ኳስ ነክቶ ለማያውቀው የክፍል ጓደኛውም ይደርሰዋል። መታየት ያለበት የተሰጠው ሳይሆን ከተሰጠው በኋላ የሚቀረው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በአራት ተባዝቶ፣ ከብድሩ ጋር ተደምሮ ሲታይ እልልታውን የሚያስቆም ሊሆን ይችላል።

የኮሌጁ አቅምም መታየት አለበት። በአላባማ የነበረው በርሚንግሃም ሳዘርን ኮሌጅ በ1856 የተመሠረተ ነበር። በሜይ 31 ቀን 2024 የቤዝቦል ቡድኑ ለሦስተኛው ዲቪዚዮን ዋንጫ ውድድር ሜዳ ሲገባ ኮሌጁ በዚያው ቀን ተዘጋ። ማሊያ የለበሱት ልጆች ኮሌጅ አልነበራቸውም።

ይህን ያህል ስል ሦስተኛው ዲቪዚዮን ሁሉ ወጥመድ ነው ማለቴ አይደለም። ይበልጥ የሚያናድደኝ እንዲያውም ተቃራኒው ስሕተት ነው። እንደ ዊልያምስ፣ አምኸርስትና ፖሞና ያሉ ሀብታም ኮሌጆች የቤተሰቡን ገቢ አይተው ይረዳሉ፤ ዊልያምስ ከ2022 ወዲህ በእርዳታው ውስጥ ብድር የሚባል ነገር አያስገባም። ታክሲ እየነዳ ወይም አረጋውያን እየተንከባከበ ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ እዚያ የሚቀረው ክፍያ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሊያንስ ይችላል። መግባቱ ከባድ ነው፤ የአሠልጣኙ ድጋፍ እውነተኛ ዋጋ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ውጤት ላለው ልጅ የመግቢያ ቢሮውን ሚዛን ሊያዘነብል ይችላል። ልጁ ጉልበቱ ቢሰበር ወይም ኳሱ ቢሰለቸው እርዳታው አይነካም፤ ከኳሱ ጋር አልታሰረምና። የኛ ሰው ግን «ስኮላርሺፕ የለውም» ብሎ ደብዳቤውን ወደ ጎን ይጥለዋል። ሃርቫርድና ዬልም በአንደኛው ዲቪዚዮን ቢሆኑም ለስፖርት አይከፍሉም፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አያጉረመርምም!

አዎ፣ ደንከን ሮቢንሰን ከዊልያምስ ተነሥቶ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኩል ማያሚ ሂት ደርሶ በ2021 የ90 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። የክለብ አሠልጣኞች ይህን ታሪክ ይወዱታል። ይሁን እንጂ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወንድ ልጆች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ በሚጫወቱበት አገር፣ በሦስቱም ዲቪዚዮን ተደምሮ ኤንሲኤኤ ውስጥ የሚጫወቱት ከመቶ አራት አይሞሉም። ልጁን መልማዮች ያዩታል እየተባለ በየክረምቱ ለክለብ፣ ለሆቴልና ለአውሮፕላን የሚወጣው ገንዘብ፣ ስም አስተዋውቃለሁ ለሚሉ ድርጅቶች የሚከፈለውም ጭምር፣ ለብዙው ቤተሰብ ከንቱ ወጪ ነው። የአሠልጣኞች ኢሜይል በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮና የትምህርት ውጤት አያይዞ ለመላክ ደላላ አያስፈልግም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አሠልጣኙን ስለ ኳስ ጠይቁት፤ በልጄ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች ዘንድሮ ታስገባለህ፣ የመግቢያ ቢሮው የልጄን ውጤት አይቶታል ወይ በሉት። ስለ ገንዘብ የሚጠየቀው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ነው፤ እርዳታው አራቱን ዓመት ይቆያል ወይ፣ ከስንት ነጥብ በታች ሲሆን ይቀራል በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አሠልጣኙ «በቅድሚያ ውሳኔ አመልክት» ብሎ ቢያጣድፈው፣ ያ ማመልከቻ ልጁን ለአንድ ኮሌጅ የሚያስር መሆኑን እወቁ፤ ቀነ ገደቡም አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ቤተሰቡ በግምት ስንት እንደሚከፍል የሚያሰላ ቅጽ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር ከ2011 ጀምሮ ሕግ ያስገድደዋል። ነጻ ነው። ከኖቬምበር በፊት ሙሉት።