አሮጌው ባቡር ቅርስ ነው ወይስ ውዳቂ ብረት?

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህች ከተማና በአካባቢዋ የምትማሩ ወጣቶች የፋሲልን ግንብ ሳታዩት አትቀሩም፤ ባቡር ግን አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ አላያችሁም፤ ወደ ጎንደር የደረሰ ሐዲድ የለምና። እንዲያውም በገጠሩ «ባቡር» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ አስቀድሞ የሚመጣው የእህል ወፍጮው ነው፤ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት «ምድር ባቡር» ማለት ያስፈልጋል። ታዲያ ስላላያችሁት ነገር ለምን እጽፍላችኋለሁ? ስለ ግንቡ ያላችሁ እውቀት ስለ ባቡሩም ለመፍረድ ያስችላችኋል ብዬ ስለማምን ነው።

ግንቡን አስቡት። ንጉሥ ከተቀመጠበት ረጅም ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ግብር አይበላበትም፤ ችሎት አይቆምበትም። ይሁን እንጂ «ድንጋዩ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይዋል» የሚል ሰው ቢነሣ የጎንደር ሕዝብ ዝም ብሎ የሚያየው አይመስለኝም። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ለዛሬ መኖሪያነት ይጠቅማል ተብሎ አይደለም። ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነገር ቅርስ መሆኑ ገብቶናል። ከብረት የተሠራው፣ በእንፋሎትና በናፍጣ የሄደው ግን ገና በሚገባ አልገባንም። እኔ የምለው፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሄዱት አሮጌ ባቡሮች ከግንቡ እኩል ቅርስ ተብለው ሊቆጠሩ፣ የተመረጡትም ተጠግነው ሊቆዩ ይገባል ነው።

ዐፄ ምኒልክ ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ፤ ሆኖም ወደ ሐረር ከተማ መውጣቱ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ጣቢያው በሜዳው ላይ ተተከለ። በዚያ ጣቢያ ዙሪያ የበቀለችው ከተማ ድሬዳዋ ናት። ባቡር የወለዳት ከተማ ብትባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ የአውሮፓ መንግሥታት ፉክክርም ተጨመረበት፤ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ስለነበር ይህን ለማየት አልታደሉም።

መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን እያቋረጠ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይወጣ ነበር። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በቀናት የሚቆጠር ሆነ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሕዝቡም የፈረንሳይኛውን ስም በራሱ አፍ አለዝቦ «ለገሀር» አለው። «ፉርጎ» የሚለውም ቃል የመጣው ከዚሁ ቋንቋ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎቶቹ ሞተሮች ቦታቸውን ለናፍጣ ለቀቁ፤ ሞተሩ ከመንገደኞቹ ሠረገላ ጋር አንድ አካል የሆነው «ኦቶራይ»ም መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተደረገው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው ጉዞው ተቋረጠ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ በደረሰው የመገልበጥ አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ይህ ሁሉ የአገር ታሪክ ነው፤ ደስታውም ኀዘኑም።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የአሮጌው ባቡር ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ቆመ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ መስመር ተመረቀ፤ ሐዲዱ ሰፊ፣ ጣቢያዎቹም ከአሮጌዎቹ የራቁ ናቸው። አዲሱን አልነቅፍም፤ ጭነት ወደ ወደብ ለማድረስ አሮጌው አቅም አልነበረውም። የምነቅፈው፣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው እንዳልነበረ ይቆጠር የሚለውን አስተሳሰብ ነው።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 ሁለት አዳዲስ የመንገደኞች ባቡሮች ወጡ። ነፋስ እንዳይገታቸው ሲባል አካላቸው ማዕዘን የሌለው፣ እንደ ዓሣ የለሰለሰ ሆኖ ተሠራ። አንደኛው፣ ዜፊር የተባለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን፣ በግንቦት ወር ከዴንቨር እስከ ቺካጎ ያለውን 1,633 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሳይቆም በ13 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጨረሰ። ሁለተኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነበር። የሁለቱ ዕጣ ግን ተለያየ። የአሉሚኒየሙ እ.ኤ.አ. በ1942 በጦርነቱ ጊዜ ለብረቱ ሲባል ተቆራረጠ፤ ዜፊር ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ከሥራ ሲሰናበት ለቺካጎ ሙዚየም ተሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትውልድ ጎብኝቶታል። የኒው ዮርክ ሰዎችም ታላቁን የፔንሲልቫንያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አፍርሰው ከተቆጩ በኋላ ነው፣ በ1965 ታሪካዊ ሕንፃ የሚጠብቅ የከተማ ሕግ ያወጡት። ሀብታሙም አገር የተማረው አንዱን ካጠፋ በኋላ ነው።

«አሜሪካ ሀብታም ናት፤ እኛ ግን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያልሞላልን ሕዝብ ነን፤ ብረቱ ቢሸጥ ይሻላል» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በተለይ ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ ተማሪ ብታነሣው መልስ ይገባታል። መልሴም ይህ ነው፤ የብረቱ ዋጋ አንድ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል፤ የተጠገነ ባቡር ግን ጎብኚ ሲያመጣ ይኖራል። ጎንደር ከግንቡ ምን ያህል እንጀራ እንደምታገኝ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ደግሞም ሁሉም ፉርጎ ይቀመጥ አላልሁም። ከየዓይነቱ አንዳንድ ቢመረጥ ይበቃል።

ጎረቤታችን ኤርትራ ሀብታም አይደለችም። ከምጽዋ እስከ አስመራ የሚወጣው የ118 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቃቅሎ፣ ብረቱ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አረጋውያን ጭምር መዶሻቸውን አንሥተው መስመሩን መልሰው ዘረጉ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2003 አስመራ ደረሰ። በጣሊያን ዘመን የገባችው፣ ሊቶሪና የምትባለው የመንገደኞች ባቡርም ዳግመኛ ተንቀሳቀሰች። ከገንዘብ ይልቅ የበለጠው እጅ ያወቀው ሙያ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ፣ «ባቡሩ የውጭ ኩባንያ ንብረት፣ የባዕዳን ጥቅም መሣሪያ ነበር» የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ኩባንያው የተቋቋመው ለትርፍ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱን በበረሃ የዘረጋው፣ ከሰልና እንጨት የማገደው፣ ከፈረሰም በኋላ የጠገነው የአገሩ ሰው ጉልበት ነው። በድሬዳዋ ወርክሾፕ መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣ ሲቀር ሠራተኞቹ ራሳቸው ብረት እያቀለጡና እየቀረጹ ይሠሩ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም ቅርስን የሚተረጉመው በሰው የፈጠራ ችሎታና የሥራ ውጤትነቱ ነው። ሕጉ ድንጋይን ከብረት አላበላለጠም።

ምን ይደረግ? በ2011 ዓ.ም. በለገሀር ሠፈር ላይ ታላቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሆኗል፤ አሮጌው ጣቢያ በረጃጅም ፎቆች መካከል ባዶ ቅርፊት ሆኖ እንዳይቀር ባቡሮቹ በውስጡ ሊታዩ ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የምመኘው ግን በድሬዳዋና በሽንሌ መካከል ባለው አጭር ርቀት እንኳ ቢሆን አንድ ኦቶራይ ሲሄድ ማየት ነው። ቆሞ የሚታይ ባቡር ግማሽ ባቡር ነው፤ የሚሄደው ግን ነጂ፣ መካኒክና ሐዲድ ጠባቂ ስለሚያስፈልገው ሙያውንም አብሮ ያቆያል።

ሙያው ደግሞ ከብረቱ ቀድሞ ይጠፋል። ብረት በደረቁ የድሬዳዋ አየር ብዙ ዓመት ይቆያል፤ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚለየው አዛውንት ግን በየዓመቱ እየተመናመነ ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ቢኖር፣ በሰፈሩ የባቡር ጡረተኛ ፈልጎ ደብተሩን ይክፈትና ይጠይቃቸው፤ በየትኛው ፉርጎ ሠሩ? ሥራውን ማን አስተማራቸው? ፍሬኑ ሲላላ ምን ያደርጉ ነበር? ለእያንዳንዱ መሣሪያስ ምን ስም ነበራቸው?