ጉጠት ከመነሣቱ አስቀድሞ ደም ይመርመር

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን፣ ይኸውም በሞጆ፣ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በመቂና በባቱ የሚኖር ሰው ስለ አፍ ጤና በተነሣ ጊዜ ሐሳቡ ወዲያው የሚሄደው ወደ ውኃው ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ የጕድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ይበዛባቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚህ ልክ የሚያልፉ ጕድጓዶች በብዙ ስፍራ ተገኝተዋል። ይህን ውኃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ገና በመንጋጋው ውስጥ ሳለ ይጐዳና ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ዳሩ ግን ፍሎራይድ ጥርስንና አጥንትን ይጐዳል እንጂ ድድን አያደማም። የድድ መድማት በውኃው እየተሳበበ ዝም በተባለ ቍጥር፣ በስተጀርባው የተሸሸገ ሌላ ደዌ ጊዜ ያገኛል። በዚህ ወር ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው።

አንባቢዎቻችን እንዳይደነግጡ አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ከሚደሙት ድዶች አብዛኞቹ የሚደሙት በጥርስና በድድ መካከል በሚከማች እድፍ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ በታኘከ መፋቂያ በየቀኑ ቢያጸዳ፣ መድማቱ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። «ይደማል» ብሎ ማጽዳቱን መተው ግን በሽታውን ማባስ ነው። በእርግዝናም ወራት ድድ በቀላሉ ሊያብጥና ሊደማ ይችላል።

ነገር ግን እድፉ ጥቂት ሆኖ መድማቱ የበዛ እንደ ሆነ፣ ወይም ጥርስ እየጸዳም ደሙ አልቆም ያለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከድድ አልፎ ወደ ደም ይሄዳል። ድድ ስስ ነው፤ የደም ሥርም ይበዛበታል፤ በእህልና በመፋቂያ ሳይነካ የሚውልበት ቀን የለም። ስለዚህም በደም ውስጥ የተፈጠረ ጕድለት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በእርሱ ላይ ነው። ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሲያንሱ ድድ ሳይነካ ይደማል። ከተላላፊ በሽታ የሚከላከሉት ነጭ ሕዋሳት እጅግ ሲያንሱ ድድ ይቈስላል። ሉኪሚያ በሚባለው የደም ነቀርሳ፣ በተለይም በአንዳንዶቹ ዓይነቶች፣ ድድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብጦ ጥርስን እስከ መሸፈን ይደርሳል፤ ሕመምተኛውም በዚያው ወራት ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ያተኵሰዋል፣ ሳይመታ ሰውነቱ ይበልዛል።

ከዘር የሚወረሱም አሉ። ሄሞፊሊያ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ፎን ቪሌብራንት የተባለው የፊንላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን፣ ወንዱንም ሴቱንም የሚይዘውን የመድማት በሽታ ገልጦ ጻፈ። ወደ እርሱ ያመጧት የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ እርሱም ስለ ቤተ ዘመዷ እየጠየቀ ከ66 ሰዎች መካከል 23ቱ ደም የሚበዛባቸው መሆናቸውን ደረሰበት። ልጅቱ በ13 ዓመቷ በወር አበባዋ ደም ፈስሶባት ሞተች። እንደዚሁም ፓፒዮንና ለፌቭር የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. የጻፉት በሽታ አለ፤ የያዘው ልጅ መዳፉና ውስጥ እግሩ ይሻክራል፣ ድዱ ይመግላል፣ የወተት ጥርሶቹም ያለ ጊዜያቸው ይረግፋሉ። ይህ በሽታ የሚደርሰው ልጁ ጕድለቱን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ስለ ሆነ፣ በዘመዳሞች ጋብቻ ይበዛል። ሰባት ቤት ቈጥሮ የመጋባት ልማዳችን እንዲህ ያለውን እንደሚያርቅ ስናስብ፣ አባቶቻችን የሠሩልንን ሥርዐት ልናመሰግን ይገባናል።

ይሁን እንጂ ከአባቶች የወረስነው ሁሉ የሚመሰገን አይደለም። ድድ ይጠነክራል፣ ያምራል በማለት በመርፌ መነቀስ፤ የሕፃናትን እንጥል ማስቈረጥ፤ ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ድድ ሰንጥቆ ማውጣት፤ እነዚህ ሁሉ በማንም ላይ ጕዳት ናቸው፤ ደሙ በማይረጋለት ልጅ ላይ ግን የሞት ፍርድ ይሆናሉ። ሳይጠይቅ ጥርስ የሚነቅል ባለሙያም ቢሆን፣ መሣሪያው በመቀቀሉ ብቻ ከአደጋው አያመልጥም።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ በየከተማችን ጥርስ የሚነቅል ሁሉ ጉጠት ከማንሣቱ አስቀድሞ አራት ነገር ይጠይቅ። ቀድሞ ጥርስ ተነቅሎ፣ ወይም በግዝረትና በወሊድ ጊዜ፣ ደም አልቆም ብሎ ያውቃልን? ነስር ይመላለሳልን? ሰውነት ሳይመታ ይበልዛልን? በቤተ ዘመድ እንዲህ ያለ ሰው አለን? መልሱ «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ ጥርሱ ይቈይ፤ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይላክ፤ ደሙ ይቈጠር። ቈጠራው ደኅና ቢሆንም ነገሩ በዚያ አይዘጋ፤ በሄሞፊሊያና በፎን ቪሌብራንት በሽታ የሕዋሳቱ ቍጥር ሙሉ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ የደም መርጋት ምርመራ ያስፈልጋል።

ለባልደረቦቻችንም የምንለው አለን። ከባሕር ማዶ የተማርንባቸው መጻሕፍት የነጭ ሕዋሳትን ልክ የጻፉት በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ለክተው ነው። ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን፣ ፍጹም ጤነኞች ሳሉ ነጭ ሕዋሳቸው ከዚያ ልክ የሚያንስ ብዙዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ቍጥሩን ብቻ አይተን ጤነኛውን ሰው በሽተኛ አናሰኘው፤ ድዱንም ሰውነቱንም አብረን እንመልከት።

«ሕመምተኛው በሥቃይ ሲያቃስት ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ጊዜ ከወዴት ይገኛል?» የሚሉን ይኖራሉ። አራቱ ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ አያልፉም፤ ገንዘብም አይጠይቁም። ደሙ እንደማይረጋ አስቀድሞ የታወቀ ሰው፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶለት በሆስፒታል ጥርሱን በደኅና ሊነቀል ይችላል፤ ሳይታወቅ የተነቀለው ግን ሌሊቱን በቤቱ ደሙ ሲፈስ ያድራል።

ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁ ድድ ያለ እድፍ ቢደማ፣ ቢያብጥ ወይም ቢገረጣ በውኃው አታሳቡ፤ ለጥርስ ሕመሙም አስፕሪን አትስጡ፣ ደምን ያቀጥናልና። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወደ ነቃሽና ወደ ነቃይ ሳይሆን ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ ጉጠት ቢያነሣ፣ ደሙ እንዲመረመር እናንተ ጠይቁት።