ቢራውን ከመውቀሳችሁ በፊት ብርጭቆውን እዩት

ድራፍት ቀርቦላችሁ አረፋው ወዲያው ሲጠፋ «ይሄ ነገር ውሃ ገብቶበታል» ትላላችሁ አይደል? ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቢራው ሳይሆን የብርጭቆው ነው።

የአረፋ ጠላቱ ቅባት ነው። የጥብስና የክትፎ ሰሃን በታጠበበት ስፖንጅ የታጠበ ጃምቦ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረ ሊፕስቲክ፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ላርጎ፣ ሁሉም አረፋውን ያጠፉታል። ምልክቱ ቀላል ነው። የብርጭቆው ጎን ላይ ትንንሽ የጋዝ አረፋዎች ተለጥፈው ከቀሩ እዚያ ቦታ አልጸዳም ማለት ነው። ንጹህ ብርጭቆ ላይ ግን በተጎነጫችሁ ቁጥር አረፋው ቀለበት እየሠራ ይወርዳል።

ደግሞ እቃ አጣቢዋን እንዳትቆጧት! በአንድ ሳፋ ውሃና በአንድ ስፖንጅ ሰሃኑንም ብርጭቆውንም እጠቢ የተባለች ልጅ ምን ታድርግ? ጥያቄው ለባለቤቱ ነው። ኳስ ለማሳየት ትልቅ ቲቪ የገዛ ሰው፣ ለብርጭቆ ብቻ የሚሆን ስፖንጅና መደርደሪያ መግዛት እንዴት ይከብደዋል?

ሆቴልና ባር የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ ብርጭቆ በፎጣ አትወልውሉ፤ ፎጣው ራሱ ቅባትና ብናኝ ይተዋል። አየር በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ደፍታችሁ አድርቁት። ከተጠራጠራችሁ እርጥቡ ብርጭቆ ውስጥ ጨው በትኑበት፤ ጨው ያልያዘው ቦታ ገና ቅባት አለው።

ጠጪዎችም ዝም አትበሉ። በትህትና «ብርጭቆ ቀይሩልኝ» በሉ። ደንበኛ ካልጠየቀ ባለቤት አይሰማም።