«ይጠበቃል» ተባለ፤ ማን ይጠብቀው?

የፋሲካ ዋዜማ ማታ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ «ድስቱን ጠብቅ» አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። 55 ቀን ሙሉ ቤታችን የሥጋ ሽታ አልነበረውም። ያን ዕለት ግን ሽንኩርቱ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ሲቁላላ የዋለለት ዶሮ ወጥ፣ 12 ብልቱ ከነእንቁላሉ፣ ጥግ ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። ድመቷም በሩ ሥር ተጋድማ ዓይኗን ከክዳኑ አልነቅል አለች።

ያን ሌሊት በአንድ ቃል ሁለት ሥራ ሠራሁ፤ ወጡን ከድመቷ ጠበቅሁ፣ ዶሮ እስኪጮህም ወጡን ጠበቅሁ።

አማርኛችን ጉጉትንና ዘብ መቆምን በአንድ ግሥ አስሯቸዋል። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል፤ የግቢ በርም ይጠበቃል። የምንሸኘውን ሰው «እግዜር ይጠብቅህ» ብለን እንመርቀዋለን። የተጣላንን «ቆይ፣ ጠብቅ!» ብለን እንዝትበታለን። ኳስ ሜዳ ዳር የተቀመጠው ተጫዋች ተጠባባቂ ነው፤ ሹመቱ ያልጸናለት ኃላፊም እንዲሁ። «ይጠብቃል» ስንል «ብ»ን ካጠበቅናት ሰው ደጅ ላይ ቆሟል፤ ካላላናት ደግሞ ቋጠሮው ይከርራል።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘውን ልብ ወለድ በሬዲዮ በተረከበት ዘመን አድማጩ ቀጣዩን ክፍል የሚጠብቀው ሰዓቱን ጠብቆ ነበር። ጉጉት ያለ ጥንቃቄ አይሆንም፤ የጓጓንለትን ነገር እንዳያመልጠን ዘብ እንቆምለታለን።

ይህን ቃል ያበላሸብን «ይጠበቃል» የሚለው የዜና መዝጊያ ነው። «ሥራው በቅርቡ ተጠናቆ አገልግሎት ይሰጣል ተብሎ ይጠበቃል።» ማን ነው የሚጠብቀው? አይታወቅም። ሰፈራችን አዲስ የውሃ መስመር ይገባለታል ከተባለ ሦስት ዓመት ሆነው። የተቆፈረው አፈር ሣር አብቅሏል፤ እኛም በርሜል እያንከባለልን አለን። እኛ ውሃውን ጠበቅን፤ ሥራውን ግን የጠበቀው የለም። ኃላፊው ሲጠየቅ «በዚህ ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል» አለ፤ እሱም እንደ እኛው በርሜል ይዞ የተሰለፈ ይመስል።

የእናቴ «ጠብቅ» ባለቤት ነበረው፤ ድስቱ ቢጎድል የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። «ይጠበቃል» ግን ባለቤት የለውም። እንግዲህ ይህን ቃል ስትሰሙ «ጠባቂው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ካልተሰጣችሁ ቀኑን አትቁጠሩ።

ዶሮ ሲጮህ እናቴ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ክዳኑን ከፈተችና ብልቱን በጭልፋ ቆጠረች። 12 ነበር።