በገዛ አጥር ላይ ስለሚለጠፍ ወረቀት



በ2013 ዓ.ም. የምርጫ ሰሞን እዚህ አዳማ (ናዝሬት) የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እማማ፣ የሚደግፉትን ዕጩ ፎቶግራፍ በቆርቆሮ አጥራቸው ላይ ለጥፈው ነበር። በማግሥቱ አንድ የሰፈር ሹም መጥቶ «ያለ ፈቃድ መለጠፍ ክልክል ነው፤ ይነሣ» አላቸው። ደንቡን በጽሑፍ እንዲያሳየን ብጠይቀው «መመሪያ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። እዚያው አጥር ላይ ያለውን የሳሙና ማስታወቂያ ግን አልነካውም።

እማማ ወረቀቱን በገዛ እጃቸው ገነጠሉት። «ተው ልጄ፣ ነገ መታወቂያ ማሳደስ አለብኝ» አሉኝ። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በጽሑፍ መግለጥን ይፈቅዳል፤ ገደብ ቢኖርም በሕግ እንጂ በሐሳቡ ይዘት ምክንያት እንዳይሆን ያዛል። ማዘጋጃ ቤት የነጂ ዓይን የሚጋርድ ሰሌዳ ቢከለክል አልቃወምም። ሳሙናን ፈቅዶ ዕጩን መከልከል ግን የከተማ ጽዳት ነው ሊባል አይችልም።

በአሜሪካ ላዱ በተባለች ከተማ ማርጋሬት ጊሊዮ የተባሉ ሴት የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ትንሽ ወረቀት በመስኮታቸው ለጥፈው ከከተማው ደንብ ጋር ተሟገቱ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው።

ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንኳ ደንቡ ተጽፎ በር ላይ ይሰቀል ነበር፤ የምናጠፋውም ቅጣቱን እያወቅን ነበር። የአዳማም የሞጆም የባቱም ማዘጋጃ ቤቶች ደንብ ካላቸው በየቀበሌው በር ላይ ይለጥፉልን፤ ለዚያ እንኳ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከአዳማ