የሞቃት አገር ፍሬ በደጋ ጓሮ፤ በጋን ወይስ በመሬት?

ከወረታ ገበያ የመጣው ማንጎ ተበልቶ ሲያልቅ፥ ልጆች ዘሩን በጓሮ ይቀብሩታል። በክረምት ይበቅላል፤ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል አውጥቶም ቤተ ሰቡን ደስ ያሰኛል። ኅዳር ሲገባ ግን ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ጥር ሳይወጣም ግንዱ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ «በጋን ተክላችሁ ማታ ማታ ወደ ቤት አግቡት» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምክሩ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይመረመር ሊያዝ አይገባም።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ ወረታ ግን በፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ 1,000 ሜትር በተወጣ ቍጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፥ ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ቢሆኑም ለማንጎ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር፥ ጋን ራሱ ብርድ የሚያመጣ መሆኑን ነው። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ በሸክላው እያለፈ ስለሚተን ነው፤ የጋኑንም አፈር እንዲሁ ያቀዘቅዘዋል። በመሬት የተተከለ ዛፍ ሥሩ ቀን የሞቀውን ሰፊ አፈር ለብሶ ያድራል፤ በጋን ያለውን ግን ብርዱ ከዙሪያው ሁሉ ይገባበታል። ስለዚህ በጋን ሆኖ ውጭ የሚያድር ችግኝ ከሁሉ የባሰ ዕጣ የደረሰው ነው። ከታች የተበሳ የዘይት ጀሪካን ከሸክላ ይሻላል።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የብርቱካን ዛፎቹን በእንጨት ሣጥን አስተክሎ፥ በብርድ ወራት የሚገቡበትን አዳራሽ በቬርሳይ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1684 እስከ 1686 አሠርቶላቸዋል። እርሱ ተሸካሚ ሞልቶታል። እኛም ብንሆን ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እስከ መቅደላ ያስጎተቱበት አገር ሰዎች ነን፤ ሆኖም መድፉ የተጎተተው አንድ ጊዜ ነው፥ ጋኑ ግን ማታና ጧት ነው። በበጋም ጋን በየዕለቱ ማለት ይቻላል ውኃ ይሻል። ያን ውኃ የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ በየቤቱ ይታወቃል፤ ለአንድ ማንጎ ሲባል የልጃገረድ ጀርባ ሊጎብጥ አይገባም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የማንጎ አበባ ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። ፓፓያም በብርድ አገር ጣዕም ያጣል። ሁለቱን ከወረታ ገዝቶ መብላት ይሻላል።

አቮካዶ ግን ሌላ ነው። በጾም ወራት ቅባቱ ለማዕድ ትልቅ ረድኤት ስለ ሆነ ሊደከምለት ይገባል። ብርድን ከሌሎቹ ይልቅ የሚታገሠው ከሜክሲኮ ደጋ የመጣው ዘር ነው፤ ቅጠሉ ሲታሽ እንስላል እንስላል ይሸታል። ለእርሱም ቢሆን ደብረ ታቦር የመጨረሻው ዳር መሆኗን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዘር የበቀለው ብዙ ዓመት ስለሚያስጠብቅ የተዳቀለ ችግኝ ይመረጥ። ሁለት በጋ በጀሪካን ይደግ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ይግባ፤ ችግኝ ሳለ ይህ ከባድ ሥራ አይደለም። ከዚያም በክረምት መግቢያ ወደ መሬት ይውረድ። ብርድ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ዝቅ ያለ ቦታ አይመረጥ፤ ይልቁንም የከሰዓት ፀሐይ ከሚያሞቀው የድንጋይ ካብ ሥር ይሁን። አቮካዶ ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ስለሚበሰብስ አፈሩ ከፍ ተደርጎ ይከመር። በሚተከልበትም ጊዜ ጀሪካኑ ይቀደድ እንጂ ችግኙ በግንዱ አይጎተት፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የብርድ ወራትም በሣር ጎጆ ይሸፈን።