የፈረንሳዮች የበሬ ሥጋ ወጥ በሸዋ ሮቢት ድስት

በዚህ ዓምድ ስለ ጓዳ ሥራ ስንጽፍላችሁ የፈረንጅ ምግብ ማስተማር ልማዳችን አይደለም፤ የገዛ ሙያችን ሞልቶ ሳለ የሰው ሙያ መናፈቅ ከብልኅነት አይቈጠርምና። ዛሬ ግን ከልማዳችን ወጣ ብለን ስለ አንድ የፈረንሳዮች ወጥ የምንጽፈው፥ በሸዋ ሮቢት ከተማ በአንድ ቤት በእንግድነት ሳለን ያየነው ነገር አስገድዶን ነው።

ዕለቱ የትንሣኤ እሑድ ነበር። ቤተ ሰቡ ከጎረቤት ክርስቲያኖች ጋራ ቅርጫ ገብቶ የደረሰውን መደብ ወደ ቤት አግብቷል። በሬው ብዙ ዘመን ሲያርስ ኖሮ ጕልበቱ በደከመ ጊዜ ለበዓል የቀረበ የቆላ በሬ ነበር። ጐረምሶቹ ከሽንጡ ጥሬውን በአዋዜ ይቈርጣሉ፤ ሕፃናቱ ጥብሱን ይሻማሉ፤ ጥብሱም ጠንካራ ስለ ነበረ ማኘኩ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የቤቱ ታላቅ እናት ግን፥ ኀምሳ አምስቱን ቀን ሳያጓድሉ ጾመው፥ ሌሊቱንም በቅዳሴ ቆመው፥ አሁን ከማዕዱ ራስ ተቀምጠው እንጀራውን በወጥ መረቅ ብቻ እያራሱ ይጐርሱ ነበር። ጥርስ የላቸውምና። "ሽታው ይበቃኛል፤ እናንተ ብሉ" አሉ እየሣቁ። እኛም አብረን ሣቅን፤ ነገር ግን ጕርሻው በጕሮሯችን አልወርድ አለን።

ልጃቸው በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ጥቂት ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ናት። "እማዬ፥ ረቡዕ ለአንቺ የሚሆን ወጥ እሠራልሻለሁ" አለች። እርሳቸውም "በረቡዕ ሥጋ?" ብለው ከደነገጡ በኋላ፥ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾሙ አስታውሰው ዳግመኛ ሣቁ። እኛም እስከ ረቡዕ ቆየን።

ልጅቱ ያሰበችው ወጥ ፈረንሳዮች "ቡፍ ቡርጊኞን" የሚሉት ነው፤ የቡርጎኝ አገር የበሬ ሥጋ ማለት ነው። ቡርጎኝ በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፥ በቀይ ወይን ጠጁና ሻሮሌ በሚባሉት ነጫጭ ከብቶቹ የታወቀ አገር ነው። እነዚህ ከብቶች ዛሬ የሚረቡት ለሥጋ ቢሆንም በቀድሞ ዘመን ቀንበር ተሸክመው ያርሱ ነበር። እንግዲህ ያረሰ በሬ ሥጋ እንዴት እንደሚበላ የቡርጎኝ ገበሬና የይፋት ገበሬ የተካፈሉት ጥያቄ ነው ማለት ነው። ኦጉስት ኤስኮፊዬ የተባለው ስመ ጥር የወጥ ቤት ሊቅ በ1903 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር ከታላላቆቹ ምግቦች ጋራ አስገባው። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊቷ ጁልያ ቻይልድ ከሁለት ፈረንሳውያት ባልንጀሮቿ ጋራ ባወጣችው መጽሐፍ ለተራ የቤት እመቤት በሚገባ አገላለጥ ስለ ጻፈችው በዓለም ሁሉ ተዛመተ።

ፈረንሳይና ይፋትም ፈጽመው እንግዶች አይደሉም። ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ፥ ቆላውን ወደ አንኮበር ወጥቶ፥ በ1835 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1843) በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል እንዲፈረም አድርጓል። ውሉ መጣ፤ ወጡ ግን ቀረ። አሁን በአንዲት የሮቢት ልጅ እጅ መምጣቱ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሥጋን የሚያጠነክረው በውስጡ የተሸመነው ጅማት ነው። ብዙ የሠራ እንስሳ፥ ይልቁንም በወርቹ፥ በአንገቱ፥ በፍሪምባውና በቅልጥሙ ዙሪያ፥ ጅማቱ የበዛ ነው። ይህ ጅማት በፈጣን እሳት ቢጠበስ ይኰማተራል፤ በውኃ ውስጥ በዝግታ ለብዙ ሰዓት ቢንተከተክ ግን ይሟሟና መረቁን የሚያወፍር፥ ሲቀዘቅዝም የሚረጋ ለስላሳ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ለዚህ ወጥ ሽንጥና ሻኛ ማባከን ነው፤ በቅርጫ ጊዜ ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞርበት ክፍል እርሱ የሚፈለገው ነው። በዚያውም ላይ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን ኮሶ የሚፈራ ሰው ይህን ድስት ያለ ሥጋት ሊቀርበው ይችላል።

ሳንሸሽግ እንናገር፤ የረቡዑ ወጥ ተበላሽቷል። ልጅቱ ለወጡ የገዛችው ጣፋጩን ወይን ጠጅ ነበር፤ ሰዓቱም ስለ ረፈደባት ፍልጡን ጨምራ ድስቱን አንፈቀፈቀችው። ሥጋው እንደ ገመድ ክር ክር አለ፤ መረቁም ሽሮፕ ሽሮፕ ይል ነበር። እናትየዋ አንዲት ጕርሻ በአፋቸው አንከባለው አንከባለው በዝምታ አወጡና "እጅሽ ይባረክ" አሏት። ያች ልጅ ያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማት እናቶች ያውቁታል። ቅዳሜ ግን ዳግመኛ ተነሣች፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው የቅዳሜው ነው።

ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ፥ በተለይ ከወርቹና ከፍሪምባው፥ ይበቃል። በእንቍላል መጠን ይቈረጥ፤ እንደ ጥብስ ቢደቅ ሰዓቱን አይችልም። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። የቡርጎኝ ሰዎች በመጀመሪያ የአሳማ ሥጋ ጮማ ያቀልጡበታል፤ እኛ አሳማ አንበላምና ከራሱ ከበሬው ጮማ ጥቂት አቅልጦ መጠቀም ነው። ጣዕሙ ምንም አይጐድልም፤ እንዲያውም የበሬውን ጠባይ ይጠብቃል። በቅመም የተነጠረ ቅቤ ግን አይግባበት፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ሥጋው በጋለ ጮማ ላይ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በሁሉ ወገን ቡናማ እስኪሆን ይጠበስ። ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢከመር ውኃውን ይለቅና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በዚህ ከኛ ወጥ ይለያል፤ እኛ ሽንኩርቱን አቁላልተን ሥጋውን እናስከትላለን፥ እነርሱ ሥጋውን አስቀድመው ሽንኩርቱን ያስከትላሉ። ሥጋው ከወጣ በኋላ በዚያው ጮማ አራት ራስ ሽንኩርት ተከትፎ ይቁላላ። በሽንኩርት በኩል የሮቢት ሰው የታደለ ነው፤ በመስኖ የሚለማው የሮቢት ሜዳ ቀይ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ በመኪና እየተጫነ የሚወጣ ነውና፥ እዚህ በምንጩ ላይ ስስት አያስፈልግም። አራት ካሮት በትልልቁ ተቈርጦ፥ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይጨመር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ይነስነስበትና ይታመስ፤ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህም ይግባ።

አሁን ግማሽ ሊትር ቀይ ወይን ጠጅ ይፈስስበታል። የማይጣፍጠው ዓይነት ይሁን፤ ከአገራችን ጉደር ወይም በዝዋይ ወይን የሚሠራው ደረቁ ቀይ ወይን ይስማማል። የድስቱ ቂጥ የያዘውን ቡናማ ቅርፊት በእንጨት ማንኪያ ፍቆ ከመረቁ ጋራ ማዋሐድ ይገባል፤ የወጡ ነፍስ ያለችው እርሱ ላይ ነው። ሥጋው ተመልሶ ገብቶ፥ አስቀድሞ የተቀቀለው የቅልጥም መረቅ እስኪሸፍነው ይጨመር። ጨውና ቁንዶ በርበሬ፥ በመጨረሻም አንድ ቍንጥር ጦስኝ ይግባበት። ፈረንሳዮች ያለ እርሱ የማያበስሉት ቅጠል የጦስኝ ዘመድ ነው። የእኛው ጦስኝ ደግሞ ከሮቢት ሽቅብ በጣርማ በርና በመንዝ ብርዳም ደጋ ላይ የሚበቅል፥ ለሻይ ብቻ ስንጠቀምበት የኖርነው ነው። እንጉዳይ ይጨምሩበታል፤ ነገር ግን የጫካ እንጉዳይ መርዛሙን ከደኅናው ሳይለዩ መልቀም ለሞት የሚያደርስ ስለ ሆነ እኛ ትተነዋል፤ ከደብረ ሲና የሚወርድ ድንች በቦታው ይግባ፥ እርሱም ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው።

እሳቱ የከሰል ይሁን፤ አመድ የለበሰ ከሰል ከሆነ ይበልጣል። ክዳኑ ሥር መረቁ ፊቱ እየተንቀጠቀጠ አልፎ አልፎ አረፋ ቢያወጣ በቂ ነው። በሮቢት ሦስት ሰዓት ያህል በቅቶታል። ይህን ሰዓት ግን በደብረ ብርሃን ያለች አንባቢያችን እንዳለ እንዳትወስደው እንለምናታለን። ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአዲስ አበባ 92 ያህል፥ በደብረ ብርሃን ደግሞ 91 ያህል ነው። ደገኛዋ ውኃዋ ሲፈላ አይታ ድስቷ ከቆለኛዋ እኩል የጋለ ቢመስላት ተሳስታለች፤ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ትታገሥ። ሹካ ሲነካው ያለ ትግል የሚለያይ ከሆነ በስሏል።

ፈረንሳዮች ይህ ወጥ አድሮ ቢበላ ይሻላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ በቀዝቃዛ አገር። በይፋት ሙቀት ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሥጋ በድስት ማሳደር ግን በሽታ መጥራት ነው። ማታ የሚበላ ከሆነ ከቀትር በኋላ ይጣድ፤ የተረፈው ካለም ለልጅ እየቈጠቡ ከማቆየት ለጎረቤት በዚያው ሌሊት መስጠት ይሻላል።

ስለ ጎረቤት ግን አንድ ነገር አለን። በይፋት ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር፥ ብዙ ጊዜም በአንድ አጥር ይኖራሉ። የአንዱን እርድ ሌላው እንደማይበላ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በሠርግም ጊዜ ለእስላም እንግዶች ከብቱ ተለይቶ፥ ራሳቸው አርደው በልዩ ድስት የሚያበስሉበት ሥርዐት የቆየ ነው። የዚህን ወጥ ነገር ይበልጥ የሚያከብደው ወይን ጠጁ ነው። "ሲፈላ ተንኖ ያልቃል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ ግማሽ ሰዓት ከተንተከተከ ምግብ ውስጥ የአልኮሉ 35 በመቶ ያህል፥ ሁለት ሰዓት ተኩል ከተንተከተከውም 5 በመቶ ያህል እንደሚቀር ታውቋል። ስለዚህ ላለመጠጣት የተሳለ ሰው በቤት ካለ ሳይነግሩት ማቅረብ አይገባም፤ ስለ ስለቱ የሚወስነው ከንስሐ አባቱ ጋራ እርሱ ራሱ ነው እንጂ ወጥ ሠሪዋ አይደለችም። ለእንዲህ ያለ ቤት ፈረንሳዮች ራሳቸው "ፖ ቶ ፈ" የሚሉት ሌላ ወጥ አላቸው፤ ሥጋውና አጥንቱ ከካሮትና ከሌላ አትክልት ጋራ በውኃ ብቻ የሚንተከተክ ነው።

ያች ልጅ ይህን ሁሉ ያለ እኛ ታውቀው ነበር። ገና ሥጋውን ወደ ድስት ሳትነካ ካሮቱንና ድንቹን ከፍላ በሌላ ንጹሕ ድስት በዘይትና በሽንኩርት ሠርታ፥ በአጥሩ ማዶ ላለችው እስላም ጎረቤቷ ልካለታለች። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም፤ ማንጎ ተሞልቶ መጣ።

ቅዳሜ ማታ ድስቱ ሲወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ እናትየዋን ይመለከት ነበር። በስመ አብ ብለው ባረኩና አንዲት ቍራጭ በጣታቸው ነክተው ስትለያይ አይተው ዝም አሉ። ጐረሱ። ሁለተኛ ጐረሱ። ልጅቱ በሆቴል እንዳየችው ዳቦ ቈርጣ በፊታቸው ብታስቀምጥ ወደ ጐን ገፉትና "እንጀራውን አምጪልኝ እንጂ፤ ይህንን በምን ልጠቅልለው?" አሉ። "እማዬ፥ ይህ እኮ በዳቦ ነው የሚበላው" ብትል፥ "ያርሰው የነበረው የማን በሬ ነው?" ብለው መለሱላት።

እንጀራው መጣ። ነገር ግን መረቁ ለዳቦ ታስቦ የቀጠነ ስለ ነበረ በእንጀራው ላይ ፈሰሰ። በእንጀራ ለመብላት የምትፈልጉ ስለዚህ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ክዳኑን አንሥታችሁ መረቁ እስኪወፍር ጠብቁ።